የግራው ፎርማ

ጫማ ሰሪው ግራ ተረከዙ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ለረጅም ጊዜ የቀለም እድፍ ነች ብሎ ኖሯል። ምን ይፈረድበታል? ቀኑን ሙሉ ቆዳ የሚያቀልም ሰው ጥፍሩ ጥቁር፣ ክርኑ ቡናማ ነው፤ ተረከዙ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጨመር ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል! በቤንዚን ፈተጋት፤ እምቢ አለች። ቆዳ በሚያሳሳበት ቢላ ፋቃት፤ ደማች፣ ዳነች፣ ሰፍታ ተመለሰች። «ይቺ ደግሞ የማን ዘመድ ናት?» እያለ ይቀልድባት ነበር። በመጨረሻ ሚስቱ ካልሲው ላይ ደም አይታ፣ «ቀለም ይደማል እንዴ?» አለችና እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ካንሰር ነበር፤ ያውም ከቆዳ ካንሰር ክፉው። ነጥቧን ከነዙሪያዋ ቆርጠው አወጡ። ሐኪሟ ተረከዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወግታ፣ ቀለሙ ወደ ብሽሽቱ ወጥቶ መጀመሪያ የደረሰባትን ንፍፊት ለምርመራ ወሰደች። «ካንሰሩ ከተነሣ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚህች ላይ ነው» ብላ አስረዳችው። ቀለም በቆዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ ለእሱ ማን ይነግረዋል!

ውጤቱ እስኪመጣ ግን አእምሮው አላረፈም። ግንበኛው የሚሉት የድሮ ደንበኛ አለው። እሱም በዚሁ በሽታ፣ ከዓመታት በፊት፣ የብሽሽቱን ንፍፊት አንድም ሳያስቀሩ አውጥተውለት፣ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ግራ እግሩ አብጦ ቀርቷል። ጫማ ሰሪው ለዚያ እግር ለብቻው ትልቅ ፎርማ፣ ማለትም ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት እግር፣ ጠርቦለት ይሰፋለታል። የእኔም ዕጣ ይኸው ነው አለና ለራሱም ትልቅ የግራ ፎርማ ጠረበ። ሚስቱ ስታየው ክው አለች።

«ሰው በቁሙ የራሱን መቃብር ይምሳል?»

«ጫማ ነው እንጂ፣ ምን መቃብር አለው» አላት። ወደው አይስቁ ሆኖበት ሳቀ።

ውጤቱ መጣ። ንፍፊቷ ውስጥ ካንሰሩ ተገኝቷል፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ ቅንጣት የሚያህል።

«በሉ እንግዲህ፣ የቀረውንም አውጡልኝ» አለ።

«አናወጣም ጋሼ» አለች ሐኪሟ። «ድሮ እናወጣ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ ሁሉንም አወጡ፤ ግማሾቹን በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ ጠበቁ። ዓመታት ቆይተው ሲያዩት፣ ሁሉም የወጣላቸው ሰዎች ዕድሜ አልረዘመም። የእግር እብጠት ግን እነሱ ላይ በዛ። እርስዎንም እየመጡ እናይዎታለን። ብቅ ካለ ያኔ እንቆርጠዋለን።»

«የበሰበሰ ቆዳ እስከ ደህናው ድረስ ይቆረጣል እንጂ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል?»

«እርስዎ ቆዳ አይደሉም እኮ፣ ጋሼ።»

ተናዶ ወጣ። ሚስቱ በመንገድ ላይ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? ደህና እግር ይዘህ ውሰዱልኝ ብለህ ትለምናለህ?» አለችው። እውነቷን ነው። እሱ ግን ቢቆርጡት ቁርጡን አውቆ የሚያርፍ መስሎታል። አሁን ታማሚ ነው እንዳይባል ይሠራል፤ ጤነኛ ነው እንዳይባል ቀጠሮ አለው። በአንድ እጁ የደንበኛ እግር ሲለካ ሌላው እጁ ሾልኮ ብሽሽቱን ይዳብሳል። የሱቁ በር ክፍት ነው፣ ማንም አልያዘውም፤ ግን የት ይሂድ? የሚፈራው ነገር አብሮት ይሄዳል።

አንድ ቀን ግንበኛው ጫማውን ሊወስድ መጣ። ያበጠ እግሩን እየታገለ ሲያስገባ መደርደሪያው ላይ አዲሷን ፎርማ አያት።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የእኔ ነበረች» አለና ጫማ ሰሪው ሁሉንም ዘከዘከለት። «አሁን አያወጡም አሉ። ጥቅም የለውም ተብሏል።»

ምን እንደተናገረ የገባው የግንበኛው እጅ የጫማው ክር ላይ ቀጥ ሲል ነው። ግንበኛው በዚያ እግር የተነሣ መሰላል መውጣት ትቶ የመጋዘን በር ጠባቂ ሆኗል። ጫማ ሰሪው ምላሱን ቢቆርጣት በወደደ።

«ጥቅም የለውም?»

«ጥናቱ… እንደዚያ ነው የሚለው።»

ግንበኛው እግሩን ብዙ አየው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ» አለ። ክሩን አሰረና ተነሣ። «ያኔ አላወቁም። ማንን ልውቀስ?»

በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። የጫማ ሰሪው እጅ እንደ ልማዱ ብሽሽቱ ላይ ነበረች።

«አንተም ጀመርክ?» አለው። «እኔም እስከ ዛሬ እዳብሳለሁ።»

«ሁሉንም አውጥተውልህ?»

«ሁሉንም አውጥተውልኝ።»

ግንበኛው ሲሄድ ጫማ ሰሪው ፎርማዋን አውርዶ የሚጣለው ፍልጥ ላይ ወረወራት። ማታ ሱቁን ሲዘጋ አነሣት፣ አቧራዋን ጠረገና ወደ መደርደሪያዋ መለሳት።