«ሳህኑን ላሰችው» ያልኩ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ከምንም በላይ የምፈራው፣ ኦቦ ፈይሳ ተረታቸውን ሳይጀምሩ እናቴ «ነይ ግቢ!» ብላ እንዳትጠራኝ ነበር። ኦቦ ፈይሳ አምቦ ውስጥ ግቢ የምንጋራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ካቺሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። አመሻሽ ላይ ከሰሉ ፍም ሲሆን የኩራዙን ክር ከፍ አድርገው ይተርኩልኛል፤ ጭሱ አፍንጫዬን እያጠቆረው እንኳ ከአጠገባቸው አልነሳም ነበር።

አንድ ጠዋት ድመታቸው ግማሽ ጎኗን ይዟት ተገኘች። ስሟ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው፤ አዱሬ። ቀኝ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፤ አንገቷም ዘመመ። ከዚያ በፊት ውሃ አብዝታ መጠጣቷን፣ የሸናችበትንም ጉንዳን መውረሩን ኦቦ ፈይሳ አስተውለው ኖሮ «የእኔው በሽታ ነው» አሉ። እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ ከሚያቀዘቅዙት ከራሳቸው መድኃኒት ቀንሰው፣ ጠዋትና ማታ ጠብታ ያህል ይወጓት ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ኦቦ ፈይሳ፣ እኛስ ስንታመም ይወጉናል?» ቢሏቸው፣ «አይ፣ አንቺ ትነክሻለሽ!» ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ አዱሬ ትበላለች፣ ከዚያ ትወጋለች፣ ከዚያ የሰነፈ እግሯን እያሹ ይተርካሉ። ማብላቱ የእኔ ሥራ ነበር። «ሳትበላ ከተወጋች ትሞትብናለች» ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ዓቢይ ጾም ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ ወተትም ወደ ግቢያችን መምጣቱ ቀረ። ቁርጥራጭ ሥጋ የለመደችው አዱሬ በሽሮ የራሰውን እንጀራ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ለመንኳት። በጣቴ አፏ ውስጥ ብከትላት ተፋችው። ያን ዕለት ደግሞ ከደንዲ ሐይቅ የወጣችውን ነጭ ፈረስ ተረት ሊጨርሱልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሊጨልም ነው፤ እናቴ ልትጠራኝ ነው። እንጀራውን ለዶሮዎቹ በትኜ ባዶውን ሳህን ይዤ ገባሁ።

«በላች?»

«ሳህኑን ላሰችው!»

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወጓት። ፈረሷ ገና ከውሃው ብቅ ሳትል አዱሬ ጭኔ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ምራቋ ቀሚሴ ላይ ተዝረከረከ፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ኦቦ ፈይሳ መድኃኒቱ ለሚበዛባቸው ክፉ ቀን በመሐረብ ቋጥረው ከሚይዙት ስኳር በጥብጠው ድዷን ያሹ ጀመር። «አብዝቼባት ነው፤ የመርፌውን መስመር አላየሁትም» አሉ። «ዓይኔ ነው፣ ልጄ። ዓይኔ ሄዷል።»

እኔ የአዱሬን ምራቅ በቀሚሴ ጫፍ መጥረግ ያዝኩ።

አዱሬ ተረፈች፤ ከሳምንታት በኋላም በርጩማው ላይ ዘልላ መውጣት ቻለች። ኦቦ ፈይሳ ግን ዓይናቸውን ማመን ተዉ። ስኳር ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቁ ስለነበር ተራቸው የደረሰ መሰላቸው። መነጽራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱ፤ ጋዜጣ ማንበብ ተዉ፤ ብቻቸውን ገበያ መውጣትም ተዉ። መርፌው ሲሞላ መስመሩን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ፤ ለአዱሬም ለእሳቸውም። «ልክ ነው?» ይሉኛል። «ልክ ነው» እላለሁ። ማታ ማታ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እመጣለሁ፤ ብናገር ዳግመኛ አያምኑኝም፣ ያኔ ደግሞ መርፌውን ማን ያነብላቸዋል ብዬ እተወዋለሁ።

የባሰው ግን ነገሩን ተረት ማድረጋቸው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሲሰበሰቡ፣ ዓይኑ ስለደከመ ሽማግሌና ዓይኗን ስላዋሰችው ደግ ልጅ ይተርካሉ፤ ልጆቹ ዞረው ያዩኛል፤ እኔ ጉልበቴን አቅፌ መሬት መሬት አያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት ዐረፉ። አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ያን ተረት እናቴ ለልጄ ትተርክላታለች። በቀደም ልጄ እየሮጠች መጥታ «እማዬ፣ ያቺ ደግ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ቀጥሎ መባል የነበረበትን ግን አፌ አልደፈረውም፤ በብዕር ይሻለኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከኦቦ ፈይሳ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረችኝ ተረት ላይ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሽማግሌው ዓይን ምንም አልሆነም ነበር።