የመጀመሪያዋ ጀሪካን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በተከራየነው ግቢ ሁለት ቤተሰብ ነበርን፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ቤቱ በእንግሊዞች ጊዜ የተሠራ ነው ይሉ ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ጎህ ሲቀድ ሲሆን፣ ፀሐይዋ ከረር ሳትል ይሄዳል። ያን ጊዜ ያልቀዳ ወይ በአህያ ጋሪ የሚዞረውን ድፍርስ የኩሬ ውሃ ይገዛል፣ ወይ ጎረቤት ይለምናል። እኔ ደግሞ መለመን ሞቴ ነው።

ጎረቤቴ የትግርኛ ተናጋሪ ነበረች። እንደኔ ከስደተኛ ካምፕ ወጥታ ከተማ የገባች፣ ባሏም እንደኔ ባል ወቅቱ ሲደርስ ለጥጥ ለቀማ ፋው ወደሚባለው እርሻ የሚወርድ። ሁለታችንም በአንድ ክረምት ሴት ልጅ ወለድን፤ የሷ በሦስት ሳምንት ትበልጣለች። እንደ እህትማማች መኖር ስንችል በውሃ ተራ ተጣላን።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን እደብቃለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሕፃን ውሃ ወፍ ያልቀመሰው መሆን አለበት ትል ነበር። ጎንደር ገጠር ሳለን ማንም ምንጩን ሳያደፈርሰው ትሄድና የቀዳችውን ለብቻው አስቀምጣ ለታናናሾቼ ታጠጣቸው ነበር። እኔ ምንጭ የለኝ፤ ያለኝ ቧንቧ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያዋ ጀሪካን የልጄ ናት ብዬ ቆረጥኩ።

ጎረቤቴም የራሷ ልጅ አለቻት። አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ ቀድመን እንቅዳ አለችኝ። ሰው ቢሆን ይሄን እሺ ይላል። እኔ ግን ሽንጤን ገትሬ እምቢ አልኩ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ገና ሳይነጋ ጀሪካኔን ቧንቧው ሥር ተክዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዓመት በላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀደምኩም። እሷ ከኋላዬ ትቆማለች፤ ሁለተኛዋን ትቀዳለች። ከዚያ በኋላ ለራሴና ለባሌ እንደገና ተሰልፌ እቀዳለሁ፤ እኛስ ምን እንሆናለን።

የመጀመሪያዋን ጀሪካን ለልጄ ለብቻዋ በገዛሁላት ትንሽ ዚር፣ በሸክላው እንስራ፣ እገለብጣታለሁ። ከሷም እየቀነስኩ አፈላላታለሁ። እንዲያው ማፍላት ብቻ አይደለም፤ ብረት ድስቱ ላይ ግማሽ እስኪሆን እተወዋለሁ። በዚያ ውሃ የዱቄት ወተቷን እበጠብጥላታለሁ። ጎረቤቴ እሳት ላይ ጥጄው ስታይ ከሰል እንዲህ ይባክናል ወይ ትለኛለች። ቅናት ነው እል ነበር በሆዴ።

ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቷት ስታልፍ ሥጋት ያዘኝ። «እማ» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ሆዷን እየያዘች ታለቅሳለች፣ ምግብ ትገፋለች፣ ፊቷ ነጣ። የጎረቤቴ ልጅ ትግርኛውን፣ አማርኛውን፣ አረብኛውን እየደባለቀች ቀኑን ሙሉ ትለፈልፋለች። በራችን ድረስ መጥታ ልጄን ነይ እንጫወት ስትላት፣ የኔዋ በጣቷ ብቻ ታመለክታለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያችን ሕፃን ድምፅ የጠላሁበት ቀን አለ። ባሌ አንዳንድ ልጅ ይዘገያል ይለኛል። እኔ ግን ተኝታ ስትተነፍስ እንኳ አፏን አፏን አይ ነበር።

አንድ ቀን ቧንቧው ግድግዳው ሥር ማንጠባጠብ ጀመረና የግቢው ባለቤት፣ ሐጅ የምንላቸው ሰው፣ ሰባክ ላኩልን፤ እዚያ የቧንቧ ሠራተኛውን እንደዚያ ነው የምንለው። ሰባኩ ረጋ ያሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። መሬቱን ቆፍረው ቧንቧውን አወጡት፤ ግራጫ፣ በእጅ ሲጫኑት የሚጎብጥ ነገር ነው። በቢላዋ ቧጨር ሲያደርጉት ከሥሩ ብልጭ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁና ይሄ እርሳስ ነው፣ ጥይት የሚሠራበት፣ የድሮ ሰዎች ውሃ ያመጡበት ነበር አሉኝ። ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ግቢው ድረስ እንዲያ ነው።

ሻይ ይዤላቸው ቆሜ ነበር። ምን ችግር አለው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ውሃ እዚህ ውስጥ ሲቆይ እርሳሱን እየላሰ ይይዛል አሉኝ፤ ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ መጀመሪያ የሚወርደው የባሰው ነው፣ እየቆየ ሲፈስስ ግን ይሻላል፤ በተለይ ለሕፃን ልጅ መጥፎ ነው።

ክው አልኩ። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ አፈላዋለሁ» አልኳቸው።

«እህቴ፣ ውሃው ያንሳል እንጂ እርሳሱ አያንስም» አሉኝ።

ወይ እኔ! ያ ግማሽ እስኪሆን የማፈላው ውሃ! ከሰሉን ሳራግብ፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀነሰ አልቀነሰ ስል፣ አሁን ይበቃል ብዬ ሳወርድ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ጠላቴ እንኳ እንዲህ አድርጎ አያበላሽብኝም። እሳቸው ቧንቧውን በጎማ ጠቅልለው ጠገኑት። ሐጅ ደግሞ ሙሉው የሚቀየረው የማሽላ አጨዳ ካለፈ በኋላ ነው አሉ።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ደም አንሷታል አለኝ፤ የእርሳሱን ነገር ስነግረው ግን መመርመሪያው እዚህ የለም፣ ካርቱም ነው አለ። ለኛ ለስደተኞች ካርቱም ለመሄድ ታስሪህ ያስፈልጋል፣ የጉዞ ፈቃድ። ፈቃዱን ስጠብቅ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ እስከዚያ የመጀመሪያዋን ጀሪካን ለልብስ አድርጌ ለልጄ ከኋለኛው እቀዳላት ነበር። በየቀኑ ቢሮው በር ላይ ልጄን ታቅፌ ቁጭ ነው። ሌላው ቆሞ ሲያወራ እኔ ለብቻዬ እቆጥራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ጀሪካን፣ ዓመት ከምናምን። ከዚያ መቁጠሩን አቋርጥና እንደገና እጀምራለሁ።

ካርቱም ደሟን ወሰዱ። ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ወረቀቱን አየት አድርጋ እርሳሱ ደሟ ውስጥ አለ አለችኝ። ከአሁን በኋላ የሚገባውን ማቆም ይቻላል፣ የደም ማነሱን ማከም ይቻላል፤ የዘገየው ንግግር ምን ያህሉ ከዚያ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን እኔም አላውቅም አለች። ቧንቧው እስኪቀየር ድረስ በውስጡ የቆየውን ሁለት ጀሪካን ያህል እያወጣሽ ለልብስና ለወለል አድርጊው፣ ለልጅሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ቅጂ፣ ይሄም ቢሆን መቀየሩን አይተካም አለችኝ። አላለቀስኩም። እዚያ ማልቀስ አልቻልኩም።

ገዳሪፍ ስመለስ ሌላ ነገር አንገበገበኝ። ለጎረቤቴ ሊነገራት ይገባል፤ የሷም ልጅ ከዚያው ቧንቧ ነው የምትጠጣው። ግን እንዴት አድርጌ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁባት። ምስር እየለቀመች ነበር። ሰባኩ ያሉኝን፣ ሐኪሟ ያለችኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። ልጅሽን ዛሬውኑ አስመርምሪያት አልኳት። ከዚያ የቀረውንም አወጣሁት።

«መጀመሪያ ልቅዳ ስትይኝ እምቢ ያልኩሽ ለልጅሽ ደህና ሆነላት። የከፋውን የኔዋ ጠጣችው።»

ምስሩን አስቀመጠች፣ ልጇን ከመሬት አንስታ ጉያዋ ከተተቻትና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ወጣሁ። ደስ ብሏት ይሆናል አልኩ፤ እኔ በሷ ቦታ ብሆን በሆዴ እሰይ የምል ሰው ነኝ፣ ራሴን አውቃለሁ። ሁለት ቀን ሳንነጋገር በግቢው ተላለፍን። በሁለቱም ቀን ልጄ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ የነሱን በር ታመለክት ነበር።

ውሃ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ለልብስ የሚሆኑ ሁለት ባዶ ጀሪካኖችና አንድ የልጄን ይዤ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ጎረቤቴ ቀድማኛለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ያልቀደመችኝ ሴት ሁለት ጀሪካን ቧንቧው ሥር ደርድራ በኔ ቦታ ተቀምጣለች። የድሮው ደሜ ፈላ፤ ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። ቂሟን ልትወጣ ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ተራው የኔ ነው» አለችኝ ሳትነሳ። «ያንቺ ሦስተኛው ነው።»

ቧንቧው አየር ተፋና ውሃው መጣ። የመጀመሪያዋን ሞላች፣ ሁለተኛዋን ሞላች። ሁለቱንም አንድ በአንድ እየጎተተች ሄዳ የባሏን የሥራ ልብስ የዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ተመልሳ ከእጄ የልጄን ጀሪካን ተቀበለችኝ፣ አጠበችው፣ ቧንቧው ሥር ያዘችልኝ። የልጇን ባዶ ጀሪካን ከኋላዬ አስቀምጣው ነበር፤ እሷ ድሮ ትቆምበት በነበረው ቦታ።

ካርቱም ያልመጣው ለቅሶ እዚያ መጣ። ቧንቧው እስኪቀየር ድረስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲትም ጠዋት ልቀድማት አልቻልኩም።