ማኅፀኗን ያስጠመቁት

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው ሽታው የመታኝ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ አክስቴ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ከተኛችበት አልጋ ሥር ያስቀመጥኩትን የፕላስቲክ ዕቃ ሳነሣ ክዳኑ ላልቷል። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚጨመረው ፎርማሊን አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ይህ ግን ፀሐይ ላይ እንደዋለ የበግ ሆድ ዕቃ ነበር።

ውስጡ ያለው የተቆረጠው ማኅፀኗ ነው። ሐኪሙ ትናንት ባሕር ዳር ላቦራቶሪ እንዳደርሰው ሲሰጠኝ ካንሰሩ እምብዛም የማይታይ ዓይነት መሆኑን ነግሮኝ ነበር። እዚያ ተመርምሮ ሴሎቹ ላይ የሆርሞን ተቀባይ የሚሉት ነገር ከተገኘ፣ ቡሬ ቤቷ ሆና በምትውጠው ክኒን ይሞከራል። ካልተገኘ ለከባድ ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ አለባት። አክስቴ ደግሞ “እዚያስ ሬሳዬ ይሂድ” ብላለች።

“ጋሼ፣ ምን አደረጉበት?” አልኳቸው ባሏን፤ ሌሊቱን ያስታመሟት እሳቸው ናቸው።

“ያን መርዝ ደፋሁታ! የሰው ሥጋ በመርዝ ይዘፈዘፋል ልጄ? ጠበል ሞላሁበት።” ቢጫውን ጀሪካን አሳዩኝ።

ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት “ሳትነጺ ጠበል አትጠጊም” እያሉ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ያቆሟት እሳቸው ናቸው። ሽታዋን ሸሽተው ማዕድም ለይተውባታል። ከዕቃው ይልቅ እርጥብ እጃቸው አስጠላኝ።

አክስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “እኔን ደጅ አስቁመው ማኅፀኔን አስጠመቋት! ክርስትና ስሟንስ ማን አሏት?” አለች። ጎን የተኛችው ሴት አፍንጫዋን እንደያዘች ሳቀች። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዕቃውን ለሐኪሙ ወሰድኩለት፤ ከፍቶ ወዲያው ከደነው። “በስብሷል፤ ከዚህ የሚወጣ ውጤት አይታመንም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለምርመራ ከማኅፀኗ የወሰድነው ቁራጭ ግን ባሕር ዳር ላቦራቶሪ በሰም ታሽጎ ተቀምጦ ይሆናል። ካልጣሉት።” ያ እንዲመረመር ማዘዣ ጻፈልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ “ለመንገድሽ” ብለው ጀሪካኑን ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸው፤ እጃቸውን ግን አልጨበጥኩም። አክስቴን ፊቷንና አንገቷን በጠበሉ አጠብኳት፤ ከቀረውም ጠጣች። ጋሼ ቆመው አዩ እንጂ አልከለከሉም።

ከዚያ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድመኝ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ክርኔን አስገብቼ የአክስቴን ቁራጭ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ጥፍር የምታክል ሰም በጣቱ ይዟል።

“አለ” አለኝ። ማዘዣውን ሰጠሁት።