ነጠላ የለበሱት ጣሳዎች

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የልብስ ማጠቢያችንን የምመራው እኔ ነኝ። የላሊበላ ሆቴሎች አንሶላቸውን ወደ እኛ ይልካሉ። የሚያጥቡት አራት ሴቶች ናቸው። ውኃውን ከታች ካለው ቦኖ በጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ።

የገና በዓል ቀርቦ ነበር። እንግዳው ሲበዛ አንሶላውን በቀኑ ካላደረስን ሆቴሎቹ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። አቅማችን ደግሞ ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ወይ ሁለተኛ ካውያ፣ ወይ ለማስጫው ጣሪያ፣ ወይ ውኃውን እስከ ገንዳው በቧንቧ መሳብ። እኔ ካውያውን ፈልጌ ነበር። ለሴቶቹም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር።

ወንድሜ እንዲህ ያለውን በሽምብራ ነበር የሚወስነው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ጣሳ ያስቀምጣል። ከዚያ ይጠይቃል። ሥራ ያፋጥናል? መብራት ቢጠፋም ያገለግላል? ለበዓል ይደርሳል? ሰው ያሳርፋል? በየጥያቄው ሁሉም ያመነበትን ያህል ፍሬ በየጣሳው ይጨምራል። ሰው ለማሳረፉ ግን እጥፍ ነው። «ዕቃው ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ይመዘን» ይል ነበር። ከየት እንዳገኘው አላውቅም። እሱም እንደ እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም።

እኔም ጣሳዎቹን ደረደርኩ። ሌሎቹ አጣቢዎች በዕድሜ ወደሚበልጧቸው ትልቋ ሴትዮ ዞሩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አሏቸው።

እሳቸው እኔን አዩኝ። ከዚያ በየጥያቄው ሽምብራውን የካውያው ጣሳ ውስጥ አፈሰሱት። ሌሎቹም እንደዚያው። ካውያው አሸነፈ።

ትንሿ አጣቢ ሳቀች። «በግ ነን እንዴ? አንዷ በገባችበት ሁላችን ገባን።»

«ምን ላድርግ?» አሉ ትልቋ። «እሱ ካውያውን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሐዘንተኛን እንዴት አስከፋለሁ? ወንድሙ እኮ ጣሳዎቹን ነጠላ ያለብሳቸው ነበር።»

ነጠላውን ስንቴ አይቼዋለሁ። አቧራ እንዳይገባ ይመስለኝ ነበር።

ትልቋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጣሳዎቹ ላይ ጣሉት። እንደገና ጀመርን። በየተራ እጃችንን ከሥር ሰደድን፤ ማን የት እንደጣለ አልታየም። ነጠላው ሲነሳ የቧንቧው ጣሳ ሞልቶ ፈስሷል።

ቧንቧው ለገና ደረሰ። ውኃው ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ትልቋ ሴትዮ እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ቆዩ። አንሶላውም በቀኑ ወጣ።

እኔን ግን እስካሁን የሚደንቀኝ ነጠላው ነው። ወንድሜ ስለምናከብረው እውነቱን እንደማንነግረው ያውቅ ነበር። እጃችንን የሸፈነው ከራሱ ዓይን ነው።