ውብዳር ለካውንቲዋ እንግዳ የደገሰችው

ውብዳር ሌላ ሰው ሲያገኝ አይከፋትም፤ ፅጌረዳ ስታገኝ ግን ያማታል። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተምረዋል፤ ባሎቻቸውን ተከትለው ሳን ሆዜ ሲመጡም ዕጣቸው አንድ ሕንፃ ላይ ጣላቸው፤ ፅጌረዳ ፎቅ፣ ውብዳር ምድር ቤት። ይህም ያማታል።

በፈረንጆች 1974 አገር ቤት መንግሥት ሲገለበጥ የሁለቱም ባሎች ስኮላርሺፕ ተቋረጠ። የውብዳር ባል ክፍሌ ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብቶ ነበር፤ ወቅቱ ሲያልፍ አሰናበቱት። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ፓስታ በጨው መብላት ከጀመሩ ሰነባበቱ።

ፅጌረዳ ግን ቀድማ አፕላይ አድርጋ ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ኩፖን፣ ማግኘት ጀመረች። ውብዳር በመስኮት ትቆጣጠራለች፤ ቅቤ ገባ፣ ጭማቂ ገባ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዶሮ ገባ።

«ዶሮዋን ከከረጢት አውጥታ ነው የያዘቻት» አለች ለባሏ። «እንድናይላት።»

«ከረጢቱ ተቀዶባት ይሆናላ።»

«አንተ ደግሞ ጠበቃዋ ነህ።»

ጥርሷን ነክሳ እሷም አፕላይ አደረገች። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የሚልካት ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት መጥታ ቤቱን እንደምታይ ተነገራት። ቅናት ክፉ ምክር የመከራት እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ፅጌረዳ ቤት የመጣች ጊዜ ሻይ ብቻ ጠጥታ መሄዷን ውብዳር ሰምታለች።

«የመንግሥት እንግዳ በባዶ ሻይ ሸኝታ የጨዋ ልጅ ነኝ ትላለች» አለች።

ወጥታም ከፅጌረዳ ከራሷ ምንጣፍ፣ የሸክላ ሳህንና አንድ ዶሮ ተዋሰች። የልጄ ልደት ነው ብላ።

ሠራተኛዋ መጣች። ምንጣፉ ላይ ተራመደች፣ ወጡን በላች፣ ሁለቴ ጎረሰች። ከዚያ ፎርሟን አወጣች።

«ሚሲስ ክፍሌ፣ ደህና ነው የምትኖሩት። ይህ እርዳታ ለተቸገረ ነው።»

«ዕቃው እኮ የተዋስነው ነው» አለ ክፍሌ።

«ዶሮውም?»

«ዶሮውም።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አነሳች። ክፍሌ ወደ ሚስቱ ዞሮ በአማርኛ፣ «ፅጌረዳን ጥሪያት፣ ትመስክርልን» አላት።

«ሞቼ ነው የምጠራት።»

ይህን ብላ ዞር ስትል ትንሿ ልጇ እንግዳዋ የተወችውን አጥንት ከሳህኑ አንስታ ትግጣለች። ውብዳር ደረጃውን ወጣች።

ፅጌረዳ ወረደች። ምንጣፏን አየች፣ ሳህኖቿን አየች፤ ልደቱ የማን እንደሆነ ገባት። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻል ነበር። በዚያ በተጠረበ እንግሊዝኛዋ፣ እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቤት ያለው ሳይሆን የሌለው ነው የሚቀርበው ብላ አስረዳች፤ የውብዳርን የጓዳ ቁም ሳጥን ከፍታም ፓስታውንና ጨዉን አሳየች። ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀምጣ ፎርሙን ሞላች፣ ፈረመች።

በሩ ሲዘጋ ክፍሌ ትንፋሹን ለቀቀ። «ልጆቹ ሊበሉ ነው፤ ምነው ታዲያ ፊትሽ?»

«ሰማሃት?» አለች ውብዳር። «ድህነቴን እንኳ ከእኔ አሳምራ ተናገረችው።»