ተነሺ

የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ግድቡን ባዩ ቁጥር «አያቴ፣ አንቺ ውሃው ሳይሞላ እዚያ ነበርሽ አሉ፤ ንገሪን እንጂ» ይሉኛል። እሺ፣ እኔ ልናገር፣ ትልቋ ትጻፍ።

ባሌ ደጋ፣ ገረሴ ላይ ተወልዶ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ቆላ ነው የሞተብኝ። «ከአባቶቼ ጎን ቅበሩኝ» ብሎኝ ነበር። ሙቀቱ ጊዜ አልሰጠንም፤ ሾላ ሥር ቀበርነው። አጥንቱን አንድ ቀን ደጋ አወጣዋለሁ እላለሁ፤ እግሬ ደግሞ አያርፍም፤ ዛሬ ካምባ ገበያ ቅቤ ይዤ፣ ነገ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ልሸከም።

ከዚያ ወንዙ ሊገደብ ነው፣ ሐይቅ ሊሆን ነው ተባለ። መቃብር ያለው ይመዝገብ፣ አጥንቱ በመኪና ይወጣለታል አሉ። በእግሬ ሄጄ መመዝገቢያው ቤት ደረስኩ። መዝጋቢው ልጅ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እናቴ፣ ተነሺ?» አለኝ።

ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ናት፣ እኔ ተቀምጬባታለሁ። የኔ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው። ለሌላ ሰው ልቀቂ ያለኝ መሰለኝ። ተነሳሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«ቀጣይ!» አለ።

የባሌ አጎት ልጅ ተቀመጠ። «ተነሺ?» ቢለው፣ «አዎ፣ ተነሺ ነኝ» አይል መሰላችሁ! ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ? ለወንድ ‹ተነሳ› ነው የሚባለው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የባሌ አጎት ልጅ ዞር ብሎ አየኝና «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ፣ እዚያው ቁሚ» አለኝ።

ቆምኩ። እስኪጠሩኝ ስጠብቅ ጠረጴዛውን አጥፈው ሄዱ። ነገ ይመለሳሉ ተባለ፤ አልተመለሱም። የባሌ አጎት ልጅ ግን የአባቱ አጥንት በመኪና ገረሴ ገባለት።

ክረምቱ ሲወጣ ቆፋሪ ሁለት ሰው ለምኜ፣ ለአጥንቱ አዲስ አቡጀዲ ይዤ ወረድኩ። ሁሉም ውሃ ሆኗል። ከሾላው የቀረው ጫፉ ነው፤ እሱም ላይ መረብ ታስሯል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ጠጋ አለኝ።

«እማማ፣ ይግዙኝ። ከዚያ ሾላ ሥር የወጣ ነው፤ ስቡ ለብቻው ነው።» አቡጀዲዬን አየና ሳቀ፦ «መጠቅለያማ ይዘው መጥተዋል!»

ከዓመታት በኋላ አርባ ምንጭ፣ በሰፈራችን መንገድ ሊያልፍ ነው ተብሎ ደብዳቤ መጣ። ትልቋ «ለልማት ተነሺዎች በሙሉ» ብላ ስታነብልኝ፣ ምን ማለት ነው አልኳት።

«ለልማት ሲባል ከቦታው የሚነሳ ሰው ነው፣ አያቴ። ወንዱም ሴቱም ተነሺ ነው የሚባለው።»