ከሁለተኛው ገጽ የጀመረው ጋዜጣ

ተማሪዎቹ ከኋላቸው «ጋሽ ኅዳግ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «ቲቸር» ናቸው። ስሙ የወጣላቸው፣ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ገጽ ባዩ ቁጥር «ዳር ዳሩን ቦታ ተዉለት፣ ጽሑፍም ይተነፍሳል» ስለሚሉ ነው። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ለኅትመት የሚደረድሩ ሠራተኛ ነበሩ። ያ ማተሚያ ቤት ዛሬ የለም፤ የቀለሙ ሽታ ግን አንዳንዴ ባዶ ክፍል ውስጥ ድንገት ይመጣባቸዋል።

በዚያ ዓመት ዳይሬክተሩ የኮምፒውተር ክፍሉን የወንበር መጋዘን ሊያደርጉት ቆርጠው ነበር። «ጌም ከመጫወት በቀር ምን ሠሩበት?» አሉ። መምህሩ እስከ ወላጆች ቀን ለምነው ጊዜ አገኙ። ተማሪዎቹም ባለአራት ገጽ ጋዜጣ ሊያዘጋጁ ተሯሯጡ፤ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ቃለ መጠይቅ አደረጉ፣ በፎቶ ምርጫ ተኳረፉ፣ ታረቁ። መምህሩ እያንዳንዱን ገጽ ስክሪኑ ላይ እስከ ነጠላ ሰረዙ አረሙ።

በዕለቱ ወላጆች አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ የመጨረሻው ቅጂ ከፕሪንተሩ ወጣ፤ ቀለሙም አብሮ አለቀ። የጋዜጣው አዘጋጅ የሆነችው ተማሪ አንዱን አጠፈችና ወደ መምህሩ ዞረች።

«ቲቸር፣ የፊቱ ገጽ ጀርባ ላይ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ዘረጉት። ገጽ አንድንና ገጽ ሁለትን በተርታ ጎን ለጎን አትመዋቸዋል፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ በስተቀኝ ያለው ሁለተኛው ገጽ ፊት ይወጣል። የማተሚያ ቤቱ የድሮ አለቃቸው ሁልጊዜ አስቀድሞ ባዶ ወረቀት አጥፎ የገጽ ቁጥር የሚጽፍበት ለዚህ ነበር። እሳቸው ይህን እንዴት ይረሱታል?

«ምን ይውጠናል?» አለች ልጅቷ።

«ያው እንዳለ ይታደል» አሉ መምህሩ።

ጋዜጣው ከጥበቃው ቃለ መጠይቅ መጨረሻ ጀመረ፦ «ሌባስ አልፈራም። እሳቸው ሲመጡ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል።» ወላጅ ሁሉ «እሳቸው ማን ናቸው?» እያለ ወረቀቱን ይገለብጥ ገባ። አዳራሹ በኮሽታ ተሞላ፤ ቀጥሎ በሳቅ። ዳይሬክተሩም ገለበጡና ጥያቄውን አገኙት፦ «ሌባና ዳይሬክተር፣ የትኛው ያስፈራዎታል?»

መምህሩ አቀረቀሩ። ክፍሉ እንዳበቃለት አልተጠራጠሩም። ቀና ሲሉ ግን የዳይሬክተሩ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ጉልበትህን የጨረስኩት እኔ ነኝ?» አሉ ወደ ጥበቃው ዞረው።

«ጋዜጣው ነው ያለው፤ እኔ ምን አልኩ?» አለ ጥበቃው።

ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ አዘጋጇ ቀረቡ። «በሚቀጥለው እትም መልስ አለኝ።»

«ክፍሉ ካለ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

ልጅቷ መምህሯን በዓይኗ ጠቀስ አደረገችና ወደ ዳይሬክተሩ ተመለሰች። «እንግዲያው ከአሥር መስመር እንዳይበልጥ። ቦታ የለንም።»